ፌኖላዊ ውህዶች እና ካንሰር

ፌኖላዊ ውህዶች ስድስት ካርቦን ባለው አሮማቲክ ቀለበት ላይ ቢያንስ አንድ የሃይድሮክሲል ቡድን (ኦክስጅንና ሃይድሮጅን) የያዙ ኬሚካሎች ናቸው። በዕፅዋት ውስጥ ከ8000 በላይ የሚሆኑት ተለይተው ታውቀዋል። ተክሉ የሚሠራቸው ራሱን ከአልትራቫዮሌት ጨረር፣ ከነፍሳትና ከፈንገስ ለመከላከል ነው። የእርድ ቢጫ ቀለም የሚመጣው ከእነዚህ አንዱ ከሆነው ከኩርኩሚን ነው፤ ያልበሰለ ሙዝም አፍ የሚይዘው በታኒን ምክንያት ነው።

ዋና ዋና ዓይነቶች

• ፌኖላዊ አሲዶች፦ በቡና ፍሬ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ክሎሮጄኒክ አሲድ
• ፍላቮኖይዶች፦ የቀይ ሽንኩርት ኩዌርሴቲን፣ የአረንጓዴ ሻይ ኢጂሲጂ
• ስቲልቢኖች፦ የወይን ልጣጭ ሬስቬራትሮል
• ሊግናኖች፦ በተልባና በሌሎች ዕፅዋት የሚገኙ
• ታኒኖች፦ በሻይ ቅጠልና በአንዳንድ የማሽላ ዝርያዎች የሚገኙ

በካንሰር ሕዋስ ላይ ያላቸው ውጤት

በቤተ ሙከራ ብዙዎቹ የካንሰር ሕዋስ መከፋፈሉን እንዲያቆም፣ ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ ወይም ዕጢው አዲስ የደም ሥር እንዳያበቅል ሲያደርጉ ታይተዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሬስቬራትሮል በአይጦች ቆዳ ላይ የሚወጣውን ዕጢ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ከተክል ወደ መድኃኒት

ፖዶፊሎቶክሲን የተባለው ሊግናን ፖዶፊሉም ከሚባል የሰሜን አሜሪካ ተክል ሥር ይገኛል። ራሱ መርዛማ በመሆኑ ኬሚስቶች ቅርጹን ለውጠው ኢቶፖሳይድን ሠሩ። ኢቶፖሳይድ ቶፖአይሶሜሬዝ 2 የተባለውን ኢንዛይም ሥራ በማወክ የዲኤንኤ ክር ተበጥሶ እንዲቀር ያደርጋል። በአሜሪካ በ1983 እ.ኤ.አ. የተፈቀደ ሲሆን ለወንድ የዘር ፍሬ ካንሰርና ለአንድ ዓይነት የሳንባ ካንሰር ሕክምና ያገለግላል።

ውስንነትና ጥንቃቄ

በቤተ ሙከራ የሠራ ሁሉ በሰው ላይ አይሠራም። ለምሳሌ የተዋጠ ኩርኩሚን ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው፤ አንጀትና ጉበትም በፍጥነት ይለውጡታል። ስለዚህ በቤተ ሙከራ ሕዋሳቱን የገደለው መጠን በምግብ አይገኝም።

በእንክብል መልክ የተከማቸው ደግሞ ሊጎዳ ይችላል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ በእንክብል መውሰድ ከጉበት ጉዳት ምልክቶች ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ኢጂሲጂ ቦርቴዞሚብ ከተባለው የካንሰር መድኃኒት ጋር ተጣብቆ ኃይሉን እንደሚያሳጣውም በአይጦች ላይ ታይቷል። በዚህ ምክንያት በሕክምና ላይ ያለ ታካሚ የሚወስደውን ማንኛውንም የዕፅዋት እንክብል ለሐኪሙ ማሳወቅ ይኖርበታል። እርድ፣ ሻይና ቡና በተለመደው መጠን ምግብና መጠጥ ናቸው፤ የካንሰር ሕክምናን ግን አይተኩም።