ሃርፐርስ ፌሪ

ሃርፐርስ ፌሪ በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ በጄፈርሰን ካውንቲ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። የፖቶማክና የሼናንዶዋ ወንዞች በሚገናኙበትና የዌስት ቨርጂኒያ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ወሰኖች በሚጋጠሙበት ስፍራ ላይ ተቆርቁራለች። በ2020 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ ነዋሪዎቿ ከ300 ያነሱ ነበሩ። በታሪክ የምትታወቀው ጆን ብራውን በ1859 ባርነትን ለማጥፋት ባካሄደው ወረራ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ የምትርቀው 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ጥንዶች በመፀው ወራት ቅዳሜና እሁድን ለማሳለፍ ከሚመርጧቸው ትናንሽ ከተሞች አንዷ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልክዓ ምድርና ወቅት

ከተማዋ በብሉ ሪጅ ተራሮች መካከል በገደላማ ኮረብታ ላይ ትገኛለች። ታችኛው ሰፈር በወንዞቹ ዳር ሲሆን ላይኛው በኮረብታው ላይ ነው፤ ሁለቱን አቀበታማ መንገዶችና ከዓለት የተጠረቡ ደረጃዎች ያገናኟቸዋል።

መፀው በኢትዮጵያ ክረምት አልፎ ምድር በአበባ የምትሸፈንበት ጊዜ ሲሆን፣ በዚህ አካባቢ ግን ዛፎች ቅጠላቸውን የሚያረግፉበት ነው። ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቅጠሎች አረንጓዴ የሚያደርጋቸውን ክሎሮፊል ማምረት ያቆማሉ። በሥሩ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም ይገለጣል፤ በአንዳንድ ዛፎችም ቀይ ቀለም ይፈጠራል። በሃርፐርስ ፌሪ ዙሪያ ይህ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ፣ ማለትም በጥቅምት ወር ነው።

ቶማስ ጄፈርሰን በኦክቶበር 25 ቀን 1783 ከኮረብታው ላይ ሆኖ የወንዞቹን መገናኛ ከተመለከተ በኋላ፣ ይህን ብቻ ለማየት አትላንቲክን መሻገር እንደማያስቆጭ ጽፏል። ቦታው ዛሬ የጄፈርሰን ዓለት ይባላል።

ታሪክ

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በ1761 በፖቶማክ ላይ መንገደኞችን በጀልባ የማሻገር ፈቃድ ከተሰጠው ከሮበርት ሃርፐር ነው። በኋላም በጆርጅ ዋሽንግተን ሐሳብ በወንዞቹ ጉልበት የሚሠራ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተቋቋመባት። ፋብሪካው እስከ 1861 ድረስ ከ600,000 በላይ ጠመንጃና ሽጉጥ አምርቷል።

በኦክቶበር 16 ቀን 1859 ሌሊት ጆን ብራውን 21 ተከታዮቹን ይዞ ዘመቻውን ጀመረ። ዓላማው ፋብሪካውንና የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱን ይዞ በባርነት ያሉትን ጥቁሮች ማስታጠቅ ነበር። በወረራው መጀመሪያ የሞተው ግን ሄይዋርድ ሼፐርድ የተባለ ነፃ ጥቁር የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ብራውን በሁለተኛው ቀን ንጋት ላይ በሮበርት ሊ በሚመሩ ወታደሮች ተማረከ፤ በዲሴምበር 2 በአቅራቢያዋ ቻርልስ ታውን ከተማ ተሰቀለ። የመጨረሻ ምሽጉ የነበረው የእሳት አደጋ መኪና ቤት ከአንድ ጊዜ በላይ ተነቅሎ ከተጓጓዘ በኋላ፣ ከ1968 ጀምሮ በቀድሞ ስፍራው አጠገብ ቆሟል።

በእርስ በርስ ጦርነቱ ፋብሪካው ተቃጠለ፤ ከተማዋም ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ስምንት ጊዜ ተዛወረች። በሴፕቴምበር 1862 ከ12,000 በላይ የሰሜን ወታደሮች እዚህ እጃቸውን ሰጥተዋል። ከጦርነቱ በኋላ ተደጋጋሚ የወንዝ ሙላት፣ በተለይም የ1936ቱ፣ የቀረውን ኢንዱስትሪ አጠፋ። ጎብኚዎችን የሚስበው የከተማዋ ትንሽነትና ጸጥታ በከፊል የዚህ ውድመት ውጤት ነው።

በ1867 ነፃ ለወጡ ጥቁሮች ትምህርት የሚሰጥ ስቶረር ኮሌጅ ተከፍቶ እስከ 1955 ቆይቷል። በ1906 ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረበት፣ ለጥቁሮች እኩል መብት የሚታገለው የናያግራ ንቅናቄ ስብሰባውን በዚሁ ኮሌጅ አካሂዷል። ታችኛው ሰፈርና አካባቢው በ1944 የብሔራዊ ቅርስነት ዕውቅና ያገኙ ሲሆን፣ በ1963 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነዋል።

ለቅዳሜና እሁድ ጉዞ

ከተማዋን ለአጭር ጉዞ ተመራጭ የሚያደርጓት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቅርበቷ፣ በእግር ተዳርሳ የምታልቅ መሆኗና ዝናብ ሲጥልም የሚጎበኙ ሙዚየሞች ያሏት መሆኑ ናቸው። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ከሚኖርበት ከዋሽንግተን አካባቢ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል።

ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የአፓላችያን የእግር መንገድ በከተማዋ ውስጥ ያልፋል። ከወንዙ ማዶ ያለው የሜሪላንድ ሃይትስ መንገድ ደርሶ መልስ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አቀበቱ ጠንከር ያለ ነው። ከላይ ግን ከተማዋና ሁለቱ ወንዞች በአንድ ዕይታ ይታያሉ። አቀበት ለሚከብደው ሰው በፖቶማክ ዳር የሚሄደው የቀድሞው የቦይ መንገድ ሜዳ ነው።

ችግሮቿም የሚጠበቁ ናቸው። በጥቅምት ቅዳሜዎች ሕዝብ ይበዛል፤ በታችኛው ሰፈር የመኪና ማቆሚያ ጥቂት በመሆኑ አብዛኛው ጎብኚ መኪናውን በፓርኩ የእንግዳ መቀበያ አቁሞ በአውቶቡስ ይወርዳል። ከዋሽንግተን የሚመጣው የሠራተኞች ባቡር ቅዳሜና እሁድ አይሠራም፤ በእነዚህ ቀናት ያለው የረጅም ርቀት ባቡር ነው። ማደሪያ ጥቂት ስለሆነ አስቀድሞ መያዝ ይመረጣል። ቦታ ያጡ ወይም ምሽቱን በምግብ ቤቶች ማሳለፍ የሚፈልጉ ጥንዶች 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የዩኒቨርሲቲ ከተማ በሼፐርድስታውን አድረው ቀኑን በሃርፐርስ ፌሪ ሊያሳልፉ ይችላሉ።