ማዘጋጃ ቤቱና ሴራው፦ በጊምቢቹና በሐዲያ ከተሞች የዕለት ጉዳይ አስተዳደር ታሪክ

በሐዲያ ዞን የሶሮ ወረዳ ማዕከል የሆነችው ጊምቢቹ፣ በእንሰት ተክልና በእህል እርሻ የተከበበች፣ ገበሬውና ነጋዴው በገበያ ቀን የሚገናኙባት ከተማ ናት። የእንዲህ ያለች ከተማ አስተዳደር ታሪክ ሲጻፍ የሹማምንት ስምና የአዋጅ ቁጥር ይደረደራል እንጂ፣ ነዋሪው በየጊዜው ወደ ጽሕፈት ቤት የሚያመላልሰው ጉዳይ ማለትም የአጥር ወሰን፣ የገበያ መደብ፣ ቄራ፣ የቀብር ቦታ፣ የውኃ ቦኖና የልደት ማስረጃ እምብዛም ቦታ አያገኝም። ይሁንና የከተማ መንግሥት ለነዋሪው ምን እንደሆነ የሚታወቀው በእነዚህ ጥቃቅን በሚመስሉ ጉዳዮች ነው። እነዚህን ጉዳዮች ተከትሎ ወደ ኋላ የሚመለከት ሰው፣ የጽሕፈት ቤቱ ስምና ሥልጣን በየሥርዓቱ ሲለዋወጥ፣ ከሥሩ የጎሳና የጎረቤት ሥርዓት ሳይቋረጥ እንደኖረና የመንግሥቱም መዝገብ በዚያ ላይ ተደግፎ እንደቆመ ይረዳል።

ሶሮ ከወረዳ ስምነቱ በፊት ከሐዲያ ሕዝብ ክፍሎች የአንዱ መጠሪያ ነው። ሐዲያዎች ከከተማም ከማዘጋጃ ቤትም በፊት ከቤተሰብ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ አስተዳደር ነበራቸው፤ ሚኔ የሚባለው ቤት ወይም የቅርብ ዘመድ ስብስብ፣ ሞሎ የሚባለው ጎሳ፣ ሱሎ የሚባለው የጎሳዎች ኅብረትና ከዚህ በላይ ያለው ጊቾ በየደረጃቸው ዳና የሚባል መሪ ሲኖራቸው፣ ሁሉንም የሚያስተሳስረው ሴራ፣ ማለትም በሽማግሌዎች ሸንጎ የሚጸናው የወግና የሕግ ሥርዓት ነበር። የግጦሽና የወሰን ክርክር፣ የጋብቻ ጉዳይ፣ የደም ካሣ፣ የሞተን ሰው መቅበርና ቤቱ የተቃጠለበትን መልሶ ማቋቋም በሴራ ይታዩ ነበር። በአጎራባች የከምባታ ሕዝብ ዘንድም ተመሳሳይ ሥርዓት የሚገኝ ሲሆን፣ ይህም ጉዳይን በጋራ ተቀምጦ የመጨረስ ልማድ የአካባቢው የጋራ ቅርስ መሆኑን ያሳያል። የሴራ ፍርድ ኃይሉን የሚያገኘው ከዘበኛና ከእስር ቤት ሳይሆን ፍርዱን እምቢ ያለ ሰው ከማኅበራዊ ኑሮ እንዲገለል በመደረጉ ነበርና፣ ከጎረቤቱ ውጭ መኖር ለማይችል ገበሬ ይህ ቀላል ቅጣት አልነበረም።

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢው በአፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ ሌላ ዓይነት ሥልጣን መጣ። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕና በራስ አባተ ቧያለው ዘመን የጦር ሰፈርና የአገር ገዥ መቀመጫ ሆነች፤ በገጠሩም መሬትና ገባር ለነፍጠኛው ሲደለደል፣ ከአገሬው ወገን የተመረጡ ባላባቶችና ቆሮዎች፣ ማለትም ግብር የሚያስገብሩና ትእዛዝ የሚያስተላልፉ የአካባቢ ሹሞች፣ በገዥውና በሕዝቡ መካከል ቆሙ። ይህ አስተዳደር የሚፈልገው ግብር፣ ጉልበትና ፀጥታ ስለነበር የጎረቤትን ጠብ ለመፍታት ብዙም አልደከመም፤ ሴራም ሥራውን የቀጠለው ከላይ ያለው ሥልጣን ስላከበረው ሳይሆን የዕለቱን ጉዳይ የሚወስድለት ሌላ አካል ስላልነበረ ነው።

የከተማ አስተዳደር በሕግ ቅርጽ ይዞ የተደነገገው ከጣሊያን ወረራ ፍጻሜ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ሲያዋቅር፣ ሐዲያና ከምባታ የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ሆነው ሆሳዕና የአውራጃው ዋና ከተማ ሆነች። የማዘጋጃ ቤቶችን ሥራ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 74 ደግሞ በ1937 ዓ.ም. ወጣ፤ በዚህም ከተሞች በአገር ግዛት ሚኒስቴር የበላይ ተቆጣጣሪነት ሥር ሆነው ገበያን፣ ጽዳትን፣ ቄራን፣ መንገድንና የከተማ ቦታን የሚመለከት ሥራ ተሰጣቸው፤ ለምክር ቤታቸውም ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተወካዮች ጋር ንብረት ካላቸው ነዋሪዎች የተመረጡ ሰዎች እንዲቀመጡ ተፈቀደ። ቤትና ቦታ የሌለው ተከራይ፣ የቀን ሠራተኛና ገበያተኛዋ ሴት በዚህ ምክር ቤት ድምፅ አልነበራቸውም። ይህ ጉድለት በኋላ ለመጣው የአብዮት ማዕበል ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ በመሆኑ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

በዚህ ዘመን የትንሽ ከተማ ገቢ ከገበያ ቀረጥ፣ ከቄራ ክፍያ፣ ከቦታና ከቤት ግብር እንዲሁም ከንግድ ፈቃድ የሚገኝ ነበር። ገበያው ሲደምቅ ካዝናው ይሞላል፤ ዝናብ ጠፍቶ ገበሬው የሚሸጠው ሲያጣ ካዝናው ይደርቃል። በፍርድ በኩል ደግሞ በ1930ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የአጥቢያ ዳኛ፣ ማለትም በሰፈር ደረጃ ጥቃቅን ክርክሮችን የሚሰማው ዳኛ፣ እስከ 25 ብር የሚደርስ የገንዘብ ክርክር እንዲያይና በቅድሚያ እንዲያስታርቅ ተፈቀደለት። መንግሥት ለሽማግሌ ሥራ የሕግ ማዕረግ ለመስጠት ያደረገው ይህ ሙከራ ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ የሰፈር ጠብ በወረዳ ፍርድ ቤት ደጅ ከመጥናት በፊት እዚያው በሚያውቁት ሰዎች ፊት ቢታይ እንደሚሻል ማመን ነበርና።

ከጽሕፈት ቤቱ ጎን የዕድር ታሪክ ይመጣል። ዕድር አባላቱ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው ለቀብር፣ ለድንኳን፣ ለለቅሶ ቤት ምግብና ለኀዘንተኛው ድጋፍ የሚሰጡበት የነዋሪዎች ማኅበር ሲሆን፣ በአዲስ አበባ አድጎ ከወረራው በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። በሐዲያ ከተሞች ይህ ማኅበር ባዶ ቦታ ላይ አልተተከለም፤ ቀድሞ በሴራ ሲደረግ የነበረው የኀዘን መረዳዳት በአባላት ዝርዝር፣ በጸሐፊና በገንዘብ ያዥ የሚመራ አዲስ መልክ ያዘ፤ ከጎሳው ርቆ በከተማ ለሚኖረው መምህር፣ ፖሊስና ነጋዴም በጎሳ ሳይሆን በሰፈር የሚቆጠርበት ቤት ሆነለት። የቀብር ቦታ መስጠት የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ቢሆንም፣ ቀብሩን የሚያስፈጽመው፣ ያልመጣውን አባል የሚቀጣውና የሟችን ቤተሰብ የሚያጽናናው ዕድሩ ነው።

የትንሽ ከተማን ኑሮ ከሁሉ ይበልጥ የለወጠው ከአብዮቱ በኋላ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። አዋጁ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ደነገገ፤ ኪራይ ቀነሰ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርን፣ ማለትም ቀበሌን አቋቋመ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ሲገቡ፣ ከዚያ በላይ ያሉት በመንግሥት የኪራይ ቤቶች ድርጅት ሥር ሆኑ። በትንሽ ከተማ ከመቶ ብር በላይ የሚከራይ ቤት ብርቅ በመሆኑ፣ እንደ ጊምቢቹ ባሉ ቦታዎች ቤት አከራዩ በተግባር ቀበሌው ነበር። ቀበሌ የራሱ የፍርድ ሸንጎ፣ ስኳርና ሳሙና በራሽን የሚያድል ሱቅ፣ የመታወቂያ መዝገብና አብዮት ጥበቃ ነበረው፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ፊደል የማስቆጠሩን ሥራ አስተባብሯል። በዘመቻው ከተመረጡት የአገሪቱ ቋንቋዎች ሐዲይሳ አንዱ መሆኑ፣ ለአካባቢው ሰው በገዛ ቋንቋው የመጻፍና የማንበብ በር የከፈተ በመሆኑ ከዘመኑ በጎ ሥራዎች ሊቆጠር ይገባዋል።

የቀበሌ ታሪክ ግን በዚህ በጎ ገጽ ብቻ ሊነገር አይችልም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተከራዩና ድኻው የተቀመጡበት፣ በሰፈር ደረጃ ገንዘብ፣ ዳኛና ሱቅ ያለው መሥሪያ ቤት መፈጠሩ እውነት ሲሆን፣ ያው መሥሪያ ቤት ሰውን የሚሰልል፣ ወጣቱን ለጦርነት የሚመለምልና በቀይ ሽብር ዘመን በብዙ ከተሞች እስራትና ግድያ የተፈጸመበት መሆኑም እውነት ነው። ሥራው ሁሉ ወደ ቀበሌ በመጠቅለሉ ዕድሮች ከልማትና ከመረዳዳት ሥራ እየራቁ ወደ ቀብር ብቻ ተወሰኑ። ጎረቤት ቀድሞ በፈቃዱ ያደርገው የነበረው በመመሪያ ሲታዘዝ፣ የመንደሩ ሸንጎ የመንግሥት እጅ ሆኖ መታየቱ መተማመንን ጎዳ፤ ይህ ጉዳት የአብዮቱ ሥርዓት ካለፈ በኋላም ቀበሌ የሚለውን ስም ሲከተለው ኖሯል።

ከ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ በኋላ ሐዲያ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ክልሎች በ1990ዎቹ ባወጧቸው የከተማ ሕጎች ለከተሞች ምክር ቤት፣ ከንቲባና ሥራ አስኪያጅ ሰጡ፤ የከተማ ሥራንም በሁለት ከፈሉ። ትምህርትና ጤና የመሳሰሉት የመንግሥት ሥራዎች ተብለው ከክልል በጀት ሲመደብላቸው፣ ማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎት የተባሉት የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ ቄራ፣ ገበያና የቀብር ቦታ ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ገቢ እንዲሸፈኑ ተደረገ። ለሆሳዕና ያህል ከተማ ይህ ሊሠራ የሚችል ክፍፍል ነው። የገቢ ምንጩ ገበያ ብቻ ለሆነው ትንሽ ከተማ ግን ሥራውን ሰጥቶ መሣሪያውን መንሳት ነበር። በዚያ ላይ የወረዳ ማዕከል የሆነች ከተማ የወረዳውንም የከተማውንም መሥሪያ ቤት በአንድ መንገድ ዳር ስለምታስተናግድ፣ ጉዳዩን ለማን እንደሚያቀርብ ግራ የሚጋባው ነዋሪው ነው።

የጽሕፈት ቤቱ ሥራ በጎረቤት ሥርዓት ላይ ተደግፎ እንደሚቆም የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም፣ መዝገቡ ሥራ የሚጀምረው ሌላ ትእዛዝ ሲወጣ ነው በማለቱ ድንጋጌው ለግማሽ ምእተ ዓመት በወረቀት ቀረ። በእነዚህ ዓመታት የአንድ ሰው ዕድሜና ጋብቻ የሚረጋገጠው በቤተ ክርስቲያን ወረቀት ወይም ቀበሌው ፊት በሚቀርቡ ምስክሮች ቃል ነበር፤ ምስክሮቹም ዘወትር የሰፈር ሽማግሌዎችና የዕድር ሰዎች ነበሩ። በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 760 ወጥቶ፣ በ2008 መጨረሻ ምዝገባው ሲጀመር፣ ልደት በ90 ቀናት፣ ሞትና ጋብቻ በ30 ቀናት ውስጥ በቀበሌ እንዲመዘገቡ ግዴታ ሆነ። ሞትን በፍጥነት የሚያውቀው ግን ዛሬም ዕድሩ ስለሆነ፣ መዝጋቢው ከዕድሩ ሰዎች ጋር ካልሠራ መዝገቡ ጎዶሎ ይሆናል። በቀበሌ የሚሠሩት ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች፣ ማለትም የሕግ ባለሙያ ባልሆኑ የሰፈር ሰዎች የሚመሩት ችሎቶች፣ በተመሳሳይ መንገድ ብዙ ክርክር ለሽማግሌ ይመልሳሉ፤ በሽማግሌ ያለቀውን ዕርቅም ያጸናሉ።

ባለፉት ሁለት አሥርተ ዓመታት በትንሹ ጽሕፈት ቤት ላይ የወደቀው ከባድ ጫና የቦታ ጥያቄ ነው። ከሶሮና ከሌሎች የሐዲያ ወረዳዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ወጣቶች የሚልኩት ገንዘብ በከተሞቹ ቤትና ሱቅ እየሆነ ሲመጣ፣ የቦታ ዋጋ ናረ፤ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ የከተማ ቦታ በጨረታና በምደባ ብቻ እንዲተላለፍ በማድረጉ፣ ከከተማ ዳር ከገበሬ በመግዛት የሚሠራው ቤት ሕጋዊ ሰነድ አጥቶ ቀረ። ጽሕፈት ቤቱ እነዚህን ቤቶች እንዳያፈርስ ኅሊና፣ እንዳያጸድቅ ሕግ ይይዘዋል። ወሰኑን የሚያውቁት፣ ሻጩን የሚያስታውሱትና የወንድማማቾችን የውርስ ክርክር የሚለዩት ሽማግሌዎች ቢሆኑም፣ ቃላቸው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ አይሆንም፤ ስለዚህ በሴራ የተፈታ ጉዳይ በመዝገብ ቤት ተንጠልጥሎ ይቆያል።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትና ሆሳዕና የክልሉ የፖለቲካ ማዕከል ስትሆን፣ ለጊምቢቹ ነዋሪ የክልሉ ውሳኔ ሰጪ አካል እንደ ቀድሞው ሐዋሳ ድረስ መሄድ የማይጠይቅ ቅርብ ሆነለት። ለይግባኝና ለአቤቱታ ይህ እውነተኛ እፎይታ ነው። የአጥር ወሰኑ፣ የገበያ መደቡና የቀብር ቦታው ጉዳይ ግን መልስ የሚያገኘው በዚያው በከተማዋ ጽሕፈት ቤት በመሆኑ፣ ለትንሹ ማዘጋጃ ቤት የሚሠራበት ገንዘብና በሽማግሌ የተፈታን የቦታ ጉዳይ በመዝገቡ ለማስፈር የሚያስችለው ሥልጣን መስጠት ለአዲሱ ክልል የቀረ የቤት ሥራ ነው።