ከባትሪ ድንጋይ እስከ ፓወር ሰፕላይ፦ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና በምዕራብ ጎጃም ከተሞች

የኤሌክትሮኒክስ ጥገና በምዕራብ ጎጃም ያለፈበት መንገድ ከመብራት ታሪክ ተነጥሎ አይታይም፤ ጠጋኙ የሚገጥመው ብልሽት ዕቃው ኃይል ከሚያገኝበት ምንጭ ጋር አብሮ ሲለዋወጥ ኖሯልና። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ከ11 ሜጋ ዋት ብዙም ያልዘለለ ኃይሉን በቅድሚያ ለባሕር ዳርና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ያውል ስለነበር፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለው ገጠር ራዲዮኑንና ቴፑን ለረጅም ዘመን ያሠራ የነበረው በባትሪ ድንጋይ ነው። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ብቻ ስለሚሰጥ ራዲዮ ሠሪው የዛገ ማቀፊያ ሲፍቅም ሆነ የተበጠሰ ሽቦ ሲበይድ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ነገር አልነበረም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም መስመሩን ወደ ትናንሽ ከተሞች ሲያሰፋ፣ ከቴሌቪዥኑ ቀጥሎ በየጨዋታው የሚከፈልበት ፕሌይስቴሽን ቤት ተከተለ። ሶኒ ሁለተኛውን ፕሌይስቴሽን በጃፓን ለገበያ ያቀረበው በየካቲት 1992 ዓ.ም. ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም የሶኬቱን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ዝቅተኛ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል፣ ለራዲዮ ሠሪው እንግዳ ነበር። በዚህ ክፍል ዳዮዶች 220 ቮልቱን ወደ ቀጥተኛ ይለውጡታል፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር 310 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ትራንዚስተር ደግሞ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እያበራና እያጠፋ በትንሽ ትራንስፎርመር ያሳልፈዋል። ካፓሲተሩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሊይዝ የሚችለውን ኃይል ሳያፈስሱ መንካት አደገኛ ነው።

ብልሽቱ በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል። የክረምት መብረቅ፣ ወይም ሄዶ የቆየ መብራት ሲመለስ የሚፈጠር የቮልቴጅ ዝላይ ፊውዙን ይበጥሳል። ለአሜሪካ በ120፣ ለጃፓን በ100 ቮልት የተሠራ መሣሪያ ሳይጣራ ሲሰካ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 200 ቮልት ብቻ የሚችለው ካፓሲተሩ ያብጣል፤ ይህን ጉዳት የገዢ ጥድፊያ እንጂ የመስመሩ ጥፋት ማለት አይቻልም። የፊውዙ መስታወት ጠቁሮ ከተገኘ በዳዮዶቹ ወይም በትራንዚስተሩ ላይ ሾርት መኖሩን ያመለክታልና አዲስ ፊውዝ መግጠም ሌላ ፊውዝ ማቃጠል ነው።

በዚህ ጊዜ የሚረዳው በፊውዙ ቦታ የሚገባ ባለ ክር አምፖል ነው፤ ቦግ ብሎ ከቆየ ሾርቱ አልወጣም፣ በርቶ ወዲያው ከደበዘዘ ግን ካፓሲተሩ ሞልቷል ማለት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መብራት ኃይል ለደንበኞች ያደላቸው ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች በየቤቱ የባለ ክሩን ቦታ ቢወስዱም፣ የራሳቸው ማቀጣጠያ ሰርኪዩት ስላላቸው ለዚህ ምርመራ አይሆኑም፤ ስለዚህ ለመብራት የማይፈለገው አሮጌ አምፖል ለጥገና አሁንም ይፈለጋል።