የኅዳር ቋጥኝ፡- ለመውጣት የት ይኬዳል?

ቋጥኝ መውጣት እንደ ስፖርት በአገራችን ገና እንግዳ ነው፡፡ ድርጊቱ ግን እንግዳ አይደለም፡፡ ደብረ ዳሞን ለመሳለም የሄደ ወንድ ሁሉ (ሴቶች አይገቡበትም) 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል በጠፍር እየተንጠላጠለ ነው የሚወጣው፡፡ በገርዓልታ የአቡነ ይምዓታ ጉሕ ካህናትም በባዶ እግራቸው፣ ጣታቸውን በዓለቱ ሽንቁር እያስገቡ ለቅዳሴ ይወጣሉ፤ ይወርዳሉ፡፡

ዛሬ ደግሞ ለስፖርት ሲሉ የሚወጡ ወጣቶች አሉን፡፡ ስፖርቱ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከገባ ወዲህ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚያድጉ የዘመድ ልጆች አዳራሽ ውስጥ በተሠራ ግድግዳ ላይ ሲለማመዱ ከርመው፣ ‹‹ለኖቬምበር ዕረፍት የት ሄደን እንውጣ?›› ማለት ጀምረዋል፡፡ እኔ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የምገኝ የሕግ ምሩቅ እንጂ ገደል ወጪ አይደለሁም፡፡ ነገር ግን ጥያቄው የጡንቻ ሳይሆን የምርጫ ነው፡፡ መምረጥ ደግሞ ማስረጃ መመዘን ነውና ለልጆቹ መልስ ስፈልግ ያገኘሁትን ለአንባቢም ላካፍል፡፡

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፡፡ ቦታ የሚመረጠው በዝናው ወይም በፎቶግራፉ አይደለም፡፡ ሊጠየቁ የሚገባቸው አምስት ጥያቄዎች አሉ፡፡ ከአምስቱ አንዱን እንኳ በቅጡ የማይመልስ ቦታ የፈለገውን ያህል ቢያምር ለሌላ ጊዜ ይቆይ፡፡

1. ወቅቱ የማን ወቅት ነው?

በእኛ አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል፡፡ በሰሜን ኢትዮጵያ በኅዳር ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ዓለቱ ደርቆ ይገኛል፡፡ ይህ ግን ለአገሪቱ ሁሉ አይሠራም፡፡ በቦረናና በሌሎች የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ቆላዎች ሁለተኛው የዝናብ ወቅት የሚመጣው በዚሁ በመጸው ነው፡፡ ጎረቤት ኬንያም ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር አጭሩ ዝናብ አላት፡፡ የኬንያ ተራራን 5,199 ሜትር ከፍታ ያለውን የባቲያን ጫፍ የሚመኝ ሰው ጥርና የካቲትን ቢጠብቅ ይሻለዋል፡፡

በግሪክ የምትገኘው የካሊምኖስ ደሴት በዓለም ታዋቂ ናት፡፡ ቀድሞ የምትታወቀው ከባሕር ስፖንጅ በሚያወጡ ጠላቂዎቿ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን የቋጥኝ ወጪዎች መናኸሪያ ሆናለች፡፡ ምርጥ ወሯ ኦክቶበር ነው፡፡ ኖቬምበር ሲጋመስ ዝናቡ ይጨምራል፤ ብዙ ሆቴሎችም ይዘጋሉ፡፡ ዘግየት ብሎ ለሚሄድ በደቡብ ስፔን፣ ከማላጋ ከተማ ብዙም የማይርቀው ኤል ቾሮ ይመረጣል፤ ወቅቱ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ነውና፡፡

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስታውስ፡፡ የእኛ ኅዳር 1 ቀን የሚውለው ኖቬምበር 10 አካባቢ ነው፡፡ ከአዲስ አበባና ከዋሽንግተን ተነሥተው አንድ ቦታ ለመገናኘት የሚቀጣጠሩ ዘመዳሞች በየትኛው አቆጣጠር እንደተነጋገሩ ያረጋግጡ፡፡

2. ፀሐዩ ከየት ይመጣል?

በኖቬምበር መጨረሻ በላስ ቬጋስ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አነጋገር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፡፡ በአገር ቤት እስከ 12 ሰዓት ድረስ ብርሃን የለመደ ሰው ይህን ካላሰበ ገደል ላይ ይመሽበታል፡፡ ስለዚህ ማልዶ መጀመር፣ የእጅ ባትሪም መያዝ ግዴታ ነው፡፡ በብርድ አገር ወደ ደቡብ የዞረ ገጽ ይመረጣል፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛልና፡፡ በእኛ ደጋ ግን የቀትሩ ፀሐይ ያቃጥላል፤ ሌሊቱ ደግሞ ውርጭ ነው፡፡ በኅዳር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ጥላ የሚፈልግ ሰው ወደ ሰሜን የዞረውን ገጽ ይፈልግ፡፡

3. ድንጋዩ ምንድን ነው?

ካሊምኖስም ኤል ቾሮም የኖራ ድንጋይ ናቸው፡፡ ከሎስ አንጀለስ በመኪና የሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ የሆነው ጆሹዋ ትሪ ደግሞ ግራናይት ነው፤ ዝናብ ቢነካውም ቶሎ ይደርቃል፡፡ ጥንቃቄ የሚሻው የአሸዋ ድንጋይ ነው፡፡ ውኃ ይጠጣል፤ ሲረጥብም ጥንካሬው ይቀንስና የጨበጡት ጠርዝ ተገምሶ እጅ ላይ ይቀራል፡፡ ክላርክ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ‹‹ሊትል ኢትዮጵያ›› ብሎ የሰየመው ሰፈር ባለባት በላስ ቬጋስ አቅራቢያ፣ ከከተማው 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ሬድ ሮክ ካንየን እንዲህ ያለ ድንጋይ ነው፡፡ እዚያ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን መታገሥ የአካባቢው ወጪዎች ደንብ ነው፡፡ የላይኛው ገጽ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል፡፡ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ገደል ላይ ያፈሰሰ ግን አይለቅምም፡፡

የገርዓልታ ዓለትም የአሸዋ ድንጋይ ነው፡፡ አባቶቻችን በእጅ መሣሪያ ቤተ ክርስቲያን ሊፈለፍሉበት የቻሉት ለመጠረብ እሺ ስላላቸው ነው፡፡ ለጠራቢ እሺ ያለ ድንጋይ ግን በላዩ የተመታ ቡሎን የሰውን ክብደት እንዲይዝ አያስተማምንም፡፡ አሜሪካዊቷ ማይካ በርካርት ከጓደኞቿ ጋር በትግራይ ወጥታ እ.ኤ.አ. በ2008 ‹‹ቨርቲካል ኢትዮጵያ›› የተሰኘ መጽሐፍ አሳትማለች፡፡ እርሷ ግን ሙያተኛ ናት፡፡ አዳራሽ ውስጥ የተለማመደ ልጅ የእርሷን ፎቶግራፍ አይቶ ብቻ መነሣት የለበትም፡፡

4. የማን ፈቃድ ያስፈልጋል?

ባለቤት የሌለው ገደል የለም፡፡ በሬድ ሮክ ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31 በመኪና ወደ ውስጥ ለመግባት አስቀድሞ ሰዓት ማስያዝ ያስፈልጋል፤ በኖቬምበር በሩ የሚዘጋውም ከምሽቱ 11 ሰዓት ነው፡፡ በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ኒው ሪቨር ጎርጅ ከ1,400 በላይ የመውጫ መስመሮች አሉት፤ የአሸዋ ድንጋዩም ከብዙዎቹ ይልቅ ጠንካራ ነው፡፡ ሆኖም በከፊሉ አደን ይፈቀዳልና በአደን ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ መልበስ ሕይወት ያድናል፡፡

በአገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለማይንቀሳቀሱ ቅርሶች ጥበቃ ይሰጣል፡፡ የቤተ ክርስቲያን ዓለት መብሳት ደግሞ ከሕግም በፊት ነውር ነው፡፡ የካህናቱን መንገድ በእነርሱ መሪነት፣ ጫማ አውልቆ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ መሰርሰሪያ ይዞ መምጣት ሌላ ነው፡፡ ኅዳር የመኸር ወር መሆኑም አይዘንጋ፡፡ ወደ ገደሉ የሚያደርሰው አቋራጭ የገበሬው ጤፍ ሊሆን ይችላልና አስቀድሞ ይጠየቅ፡፡ ጥቅምት 14 የአቡነ አረጋዊ፣ ኅዳር 21 የጽዮን በዓል ነው፤ በእነዚህ ቀናት ደብረ ዳሞና አክሱም ከስፖርተኛ ይልቅ ምእመን ይቀበላሉ፡፡ በትግራይ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነት ካደረሰው ጉዳት አንጻር፣ ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው የዚያኑ ሳምንት መረጃ ከነዋሪው መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡

5. ብወድቅ ማን ያወርደኛል?

ሁሉም የሚረሳው ይህን ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ጥያቄ ነው፡፡ በስፔን ጓርዲያ ሲቪል የሚባለው ኃይል ለተራራ አደጋ የሠለጠነ ክፍል አለው፡፡ የላስ ቬጋስ ፖሊስም በሄሊኮፕተር የሚሠራ ነፍስ አድን ክፍል አለው፡፡ በገርዓልታ ግን እንዲህ ያለ ክፍል ይደርስልኛል ብለው አይነሡ፡፡ እዚያ እግሩ የተሰበረ ሰው በመንደሩ ጎረምሶች ትከሻ በቃሬዛ እንደሚወርድ አስቦ ይሂድ፡፡ ከአቅም አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ መስመር መምረጥ የሚገባውም ለዚህ ነው፡፡

የኢንሹራንስ ውል ስታነቡ ደግሞ ‹‹የማይሸፍናቸው›› ከሚለው ክፍል ጀምሩ፡፡ ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ ውሎች ቋጥኝ መውጣትን ከአደገኛ ስፖርቶች ቆጥረው ያስቀሩታል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 2068፣ በስፖርት ጊዜ አብሮት በሚጫወተው ወይም በተመልካች ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ተንኮል ካልሠራ ወይም የስፖርቱን ደንብ በከባድ ሁኔታ ካልጣሰ ኃላፊ እንደማይሆን ይደነግጋል፡፡ ገመድ ያዣችሁ ለአፍታ ቢዘናጋ በአገራችን ካሣ ማግኘት ቀላል አይሆንም ማለት ነው፡፡ ስለዚህ ሰው የሚመረጠው ከመውጣት በፊት እንጂ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ አይደለም፡፡

ለልጆቹ የሰጠሁት መልስ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያለ፣ የአየሩን ትንበያ አይቶ ኒው ሪቨር ጎርጅ ይሂድ፤ ኖቬምበር ከተገባደደ ግን ብርዱ ስለሚበረታ ወደ ምዕራብ ይብረር፡፡ ላስ ቬጋስ ያለ ሬድ ሮክን ደረቅ ሳምንት ጠብቆ ይውጣ፤ ከዘነበ ወደ ጆሹዋ ትሪ መኪናውን ያዙር፡፡ አውሮፓ ያለ በኦክቶበር ካሊምኖስ፣ ከዚያ በኋላ ኤል ቾሮ ይሂድ፡፡ አገር ቤት ለዘመድ ጥየቃ የሚመጣ ደግሞ፣ ሰላሙን አረጋግጦ፣ ገርዓልታን ገመዱንና ቡሎኑን ትቶ በካህናቱ መንገድ ይውጣ፡፡ ያንንም ቢሆን መሪው ‹‹ይብቃ›› ሲለው የሚመለስ ልብ ይዞ ይሂድ፡፡

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፡፡ ቋጥኙ በሚቀጥለውም ኅዳር እዚያው ይጠብቃልና ከአምስቱ ጥያቄዎች አንዱ መልስ ካጣ ትኬቱን ማዘግየት ፍርሃት አይደለም፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡