ሺያ በተር ከየት መጣ? ለቆዳችንስ ምን ይሠራል?

ቲክቶክ ላይ «ማዲያት ያጠፋል፣ ፊት ያቀላል፣ ሰንስክሪን ይተካል» እየተባለ ሲሸጥ አይታችሁ ይሆናል። ሦስቱም ትክክል አይደሉም። ሺያ በተር ጥሩ ቅባት ነው፤ ግን ቅባት ነው።

የሚገኘው ከሺያ ዛፍ ፍሬ ነው። ዛፉ ከሴኔጋል ጀምሮ በማሊ፣ በቡርኪና ፋሶና በጋና አልፎ እስከ ደቡብ ሱዳንና ዩጋንዳ ይበቅላል። የእኛው ጋምቤላም ውስጥ አለ፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። በእኛ በኩል ያለው ዓይነት ኒሎቲካ ይባላል፤ ከምዕራብ አፍሪካው ለስለስ ይላል። ዛፉ በደንብ እስኪያፈራ ብዙ ዓመት ስለሚፈጅ፣ ገበሬዎች መሬት ሲመነጥሩ ሳይቆርጡ ይተዉታል እንጂ ብዙም አይተክሉትም።

ሥራው የሴቶች ነው። የወደቀውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ ላዩ ጣፋጭ ስለሆነ ይበላል። ውስጡ ያለው ዘር ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ ተቆልቶ ይፈጫል። ከዚያ ውሃ እየጨመሩ በእጅ መምታት ነው፤ ክንድ ያዝላል። ቅባቱ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ይሰበሰብና እሳት ላይ ይነጠራል፤ ልክ እናቶቻችን ቅቤ እንደሚያነጥሩት። ወደ ውጭ ከሚላከው አብዛኛው ግን ቆዳ ላይ አይደርስም። ቸኮሌት ውስጥ ነው የሚገባው፣ በካካዎ ቅቤ ምትክ።

ወደ ቆዳ ስንመጣ፣ ሺያ በተር ራሱ ውሃ የለውም፤ ያለው እርጥበት እንዳይተን ነው የሚይዘው። ስለዚህ ከሻወር እንደወጣችሁ፣ ቆዳችሁ ሳይደርቅ ተቀቡት። ለተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ለደረቀ ከንፈርና ለፀጉር ጫፍ አሪፍ ነው። ፊታችሁ ወዛም ከሆነ ወይም ብጉር ካስቸገራችሁ ግን ለፊት ባትጠቀሙት እንመርጣለን።

ማዲያትን ፀሐይ ያብሰዋል። በሺያ በተር ተማምኖ ሰንስክሪን የተወ ሰው ማዲያቱ ሊጨምርበት ይችላል። «ሺያ በተር» ተብሎ የተገዛ ነገር በእርግጥ ፊት ካቀላ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፦ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበት ይሆናል። የቆዳ ማቅያዎች ውስጥ ሜርኩሪና ስቴሮይድ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ስትገዙ፣ ያልተጣራው ክሬም መልክ ወይም ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ የጭስና የለውዝ ሽታ አለው። ነጭና ሽታ የሌለው ተጣርቷል ማለት ነው እንጂ ፎርጅድ አይደለም። ቀልጦ ቀስ እያለ ሲረጋ አሸዋ አሸዋ ካለም አልተበላሸም፤ መዳፋችሁ ላይ ስታሹት ይሟሟል።