የጥርስ ክር ታሪክና ለመሐንዲስ የሚሰጠው ትምህርት

በእኛ በመሐንዲሶች ዘንድ የታሪክ ጽሑፍ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው የድልድይ፣ የግድብ ወይም የባቡር ሐዲድ ታሪክ ነው። ዳሩ ግን የዕቃን ጠባይ፣ የቅርፅን ችግርና የተጠቃሚውን ልማድ አጣምሮ በማሳየት ረገድ ከእነዚህ ታላላቅ ሥራዎች የማያንስ አንድ ቀጭን ክር አለ። ይኸውም በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን ቦታ ለማጽዳት የሚያገለግለው የጥርስ ክር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ችግሩን ራሱን እንመልከት። አንድ ጥርስ ከጎረቤቱ ጋር የሚነካካው በጎኑ ላይ በምትገኝ ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። ከዚያች ቦታ በታች እስከ ድድ ድረስ ጠባብ ስርቻ አለ። የጥርስ ብሩሽ የፊቱንና የኋላውን ገጽ ሲጠርግ ፀጉሩ ወደዚህ ስርቻ ዘልቆ አይገባም። በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የምንገለገልበት የወይራ መፋቂያም ጫፉ ታኝኮ ሲበተን የጥርስን ገጽ አሳምሮ ያጸዳል፤ ከስርቻው ሲደርስ ግን የብሩሹ ዕጣ ይገጥመዋል። ስቴኪኒም ቢሆን የተሰካውን ሥጋ ያወጣል እንጂ በጥርስ ጎን ላይ የተለጠፈውን ስስ የባክቴሪያ ሽፋን በሚገባ አይጠርግም። ይህ ሽፋን ሳይነካ ሲቆይ ከስኳር አሲድ እያመነጨ ጥርስን ይቦረቡራል፤ ድድንም ያስቆጣል፣ ያደማል።

የዚህን ሽፋን ነዋሪዎች በዓይኑ አይቶ ለዓለም የገለጸው ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ ነው። በ1683 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከጥርሶቹ መካከል ያወጣውን ነጭ ነገር ራሱ በሠራው አጉሊ መነፅር ቢመለከት ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ሲንቀሳቀሱ ማየቱን አስታውቋል። ሊዌንሁክ ጥርሱን ዘወትር በጨው የሚያሽ ሰው መሆኑን ስናስታውስ፣ የስርቻው ጉዳይ በፊት ለፊት ጽዳት ብቻ የማይፈታ መሆኑ ያን ጊዜውኑ ታይቶ ነበር ለማለት ይቻላል።

መፍትሔውን ያመለከተው ግን ከ100 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ይሠራ የነበረው የጥርስ ሐኪም ሌቪ ስፒር ፓርምሊ ነው። ፓርምሊ በ1819 ባሳተመው የጥርስ አያያዝ መመሪያ ውስጥ፣ በሰም የተቀባ የሐር ክር በጥርሶች መካከል እንዲተላለፍ መክሯል። የአፍ ባክቴሪያዎች አሲድ በማመንጨት ጥርስን እንደሚያበላሹ ዊሎቢ ሚለር በመጽሐፍ ያስረዳው በ1890 መሆኑን ስናስብ፣ ፓርምሊ የበሽታውን ምክንያት በሙሉ ሳይረዳ የበሽታውን ቦታ በትክክል ለይቶ ነበር ማለት ነው።

ሐሳቡ ይህን ያህል ቀደም ብሎ ከተገኘ ሕዝቡ ለምን ቶሎ አልተጠቀመበትም? አንዱ ምክንያት የዕቃው ጉዳይ ነው። በማሳቹሴትስ የነበረው ኮድማንና ሸርትሌፍ የተባለው ድርጅት ሰም የሌለውን የሐር ክር ለገበያ ያቀረበው በ1882 ሲሆን፣ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ደግሞ በ1898 የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ነገር ግን ሐር ውድ ነው፤ በጠባብ ቦታ ሲፈተግም ይተረተራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከጃፓን ይመጣ የነበረው ሐር ሲቋረጥ ችግሩ ይበልጥ ተባባሰ።

መልሱ የተገኘው ከኬሚስቶች ቤተ ሙከራ ነው። ዋላስ ካሮተርስ በዱፖንት ኩባንያ ሲሠራ በ1935 ያስገኘው ናይሎን በ1938 በጥርስ ብሩሽ ፀጉርነት ገበያ ላይ ዋለ። ናይሎንን ለጥርስ ክር በማዋል ረገድ ስሙ የሚነሣው ዶክተር ቻርልስ ባስ፣ እንደ ፓርምሊ ሁሉ የኒው ኦርሊንስ ሰው ነበር። ባስ በ1912 ከባልደረባው ጋር የወባን ተሕዋስ ከሰው አካል ውጭ በማራባቱ የታወቀ ሲሆን፣ የቱሌን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ዲን ሆኖ ካገለገለ በኋላ የጡረታ ዘመኑን ለአፍ ጽዳት ጥናት አዋለ። እርሱ የመረጠው ክር ከብዙ ቀጫጭን የናይሎን ጭረቶች የተሠራ፣ ብዙም ያልተገመደ ነበር። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ክር በጥርስ ላይ ሲጫን ጠፍጠፍ ብሎ ይዘረጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ለየብቻቸው ደካማ የሆኑት ጭረቶች በአንድነት ጥንካሬን ከልስላሴ ጋር ያጣምራሉ። ከዚያም ወዲህ ቴፍሎን ከተባለው ዕቃ የሚሠራው አንሸራታች ክር ተጨምሮ፣ ዛሬ የዕቃው ጥያቄ ተፈትቷል ለማለት ያስደፍራል።

ይሁንና የዕቃው ጥያቄ ሲፈታ የእጅ ጥያቄ ተተካ። በ2006 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ ይህን ጉልህ አድርጎ ያሳያል። ሕፃናት በትምህርት ቀናት ሁሉ ለ1.7 ዓመታት ጥርሳቸው በሠለጠነ ሰው እጅ በክር ሲጸዳላቸው፣ በጥርስ መካከል የሚደርሰው የመቦርቦር አደጋ በ40 ከመቶ ቀንሷል። ለ2 ዓመታት በራሳቸው እጅ ያጸዱት ለጋ ወጣቶች ግን ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኙም። በ2019 የወጣው የኮክሬን ግምገማም ክርን በብሩሽ ላይ መጨመር የድድን ቁጣ ሊቀንስ እንደሚችል ሲገልጽ፣ የማስረጃው እርግጠኝነት ዝቅተኛ መሆኑን አልሸሸገም። በ2016 አንዳንድ ጋዜጦች የማስረጃውን ማነስ በሰፊው ሲያወሩ ብዙ ሰው ክሩ ዋጋ የለውም ብሎ ደምድሞ ነበር። እኛ ግን የማስረጃ ማነስና የጥቅም ማነስ አንድ አለመሆናቸውን መለየት ይገባናል። አብዛኞቹ ሙከራዎች በጥቂት ሰዎች ላይ ለአጭር ጊዜ የተደረጉ ናቸው፤ ጥርስ ደግሞ የሚቦረቦረው በዓመታት ነው።

ስለዚህ አያያዙን በአጭሩ እንግለጽ። 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ተቆርጦ በሁለቱ የመሐል ጣቶች ላይ ይጠቀለላል፤ በመካከል 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ተወጥሮ ይቀራል። ጥርሶቹ በሚነካኩበት ቦታ በኃይል ሳይሆን እንደ መጋዝ በቀስታ ወዲያና ወዲህ እየተደረገ ይገባል። ከዚያም አንዱን ጥርስ ግማሽ ክብ ሠርቶ በማቀፍ ከድዱ ጠርዝ ጥቂት ዝቅ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይፈትጋል፤ ቀጥሎም ጎረቤቱን። ለየክፍተቱ አዲስ የክር ክፍል ይዘረጋል። ጥርሶቹ ለተጣበቁበት ሰው ሰም የተቀባው ወይም የቴፍሎኑ ክር ይመቻል፤ ክፍተቱ ለሰፋበት ደግሞ ለዚሁ የተሠራች ትንሽ ብሩሽ ትሻላለች። ሰም በመኖሩና ባለመኖሩ በጽዳቱ ላይ የጎላ ልዩነት አልታየም። የልብስ መስፊያ ክር ግን ስለሚተረተርና ድድን ስለሚቆርጥ አይመከርም። ድድ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም መድማቱን ካልተወ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚተርፈው ትምህርት ቀላል ቢሆንም የሚዘነጋ ነው። ከፓርምሊ እስከ ባስ የነበሩት ሰዎች ክሩን ለማሻሻል ከ100 ዓመታት በላይ ፈጅተዋል፤ ክሩን የሚይዘውን እጅ የማስተማሩ ሥራ ግን እስከ ዛሬ አልተጠናቀቀም። እኛም ፓምፕ ተክለን፣ ጄኔሬተር አቁመን፣ ርክክብ ፈርመን ስንመለስ መሣሪያውን በየዕለቱ የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ምን ያህል እንዳሠለጠንን ብንጠየቅ መልሳችን ብዙ ጊዜ አጭር ይሆናል። መሣሪያ ሥራውን የሚጀምረው ከፋብሪካ ሲወጣ ሳይሆን የሚገባው እጅ ሲይዘው ነው።