ከቶሆኩ በረዶ እስከ ቨርሞንት ጨው፦ ያገለገለው ሱባሩ ስቴሽን ዋገንና የባለቤቶቹ ልምድ

ስቴሽን ዋገን የሚባለው የመኪና ዓይነት የቤት አውቶሞቢልን ከፍታና አነዳድ እንደያዘ ጣሪያው እስከ ኋላው ጫፍ ተዘርግቶ ሰፊ የዕቃ ቦታ እንዲኖረው ተደርጎ የሚሠራ ሲሆን፣ የሞተሩ ጉልበት ለአራቱም ጎማዎች የሚከፋፈልበት፣ በተለምዶ ፎር ዊል የሚባለው ስቴሽን ዋገን ለተራው ገዢ በስፋት መቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። የዚህ መኪና ታሪክ ዘወትር የሚነገረው ከፋብሪካውና ከማስታወቂያው ወገን ነው። የመኪናው እውነተኛ ጠባይ፣ ብርታቱም ሆነ ጣጣው፣ በደንብ የታወቀው ግን ዐሥር ዓመት ካገለገለ በኋላ በገዙት ሁለተኛና ሦስተኛ ባለቤቶቹ እጅ በመሆኑ፣ ታሪኩን ከእነርሱ ልምድ ጋር አያይዞ ማየት ይገባል።

መነሻው ሰሜናዊ ጃፓን ነው። በቶሆኩ ክልል ተራሮች ላይ የተዘረጉትን የኤሌክትሪክ መስመሮች የሚጠግኑ ሠራተኞች በክረምት በረዶ ወደ ሥራቸው የሚደርሱት በጂፕ ሲሆን፣ ጂፑ የትም የሚወጣ ቢሆንም ብርድ የሚያስገባና ረዥም መንገድ ለሚጓዝ ሰው አድካሚ ነበር። ስለዚህ የቶሆኩ ኤሌክትሪክ ኩባንያ እንደ ቤት መኪና የሚመች፣ ነገር ግን በረዶ የማያቆመው ተሽከርካሪ እንዲሠራለት በሚያጊ የሚገኘውን የሱባሩ አከፋፋይ ጠየቀ፤ የአከፋፋዩ ባለሙያዎችም በፊት ጎማው ብቻ ይሄድ የነበረውን አነስተኛ የሱባሩ 1300 ጂ ቫን ወስደው፣ ከኒሳን ብሉበርድ የተገኘ የኋላ ዲፍሬንሻል፣ ማለትም ጉልበትን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍል የጥርስ ሣጥን፣ ገጠሙለት። ይህ የጋራዥ ሥራ የዋናውን ፋብሪካ መሐንዲሶች ስቦ እ.ኤ.አ. በ1971 በቶኪዮ የመኪና ትርኢት ቀረበ፤ በመስከረም 1972ም ሊዮን የተባለው ባለአራት ጎማ ነጂ ስቴሽን ዋገን ለገበያ ወጣ። አንድ የዓለም ገበያ ምርት ከመስመር ጠጋኞች ችግርና ከአንድ አከፋፋይ ጋራዥ መነሣቱ በመኪና ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይገጥም ነገር በመሆኑ ሊታወስ ይገባዋል።

ያ ጋራዥ የተሳካለት ግን መሠረቱ አስቀድሞ ተጥሎ ስለነበረ ነው። የሱባሩ ባለቤት የነበረው ፉጂ ሄቪ ኢንዱስትሪስ እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመው ከጦርነቱ በኋላ ከተበታተነው ከናካጂማ አውሮፕላን ፋብሪካ ቅሪቶች ሲሆን፣ ቀድሞ የአውሮፕላን መሐንዲስ የነበሩት ሺንሮኩ ሞሞሴ የመሩት ቡድን በ1966 ሱባሩ 1000 የተባለውን መኪና ሲሠራ ቦክሰር የሚባለውን ሞተር መረጠ። በዚህ ሞተር ውስጥ ፒስተኖቹ ቀጥ ብለው ከመቆም ይልቅ ግራና ቀኝ ተጋድመው ፊት ለፊት ይሠራሉ፤ ሞተሩ አጭርና ዝቅ ያለ ስለሚሆን ከኋላው ካምቢዮው በቀጥታ ይቀጥላል፣ ከካምቢዮውም ጫፍ ላይ ዘንግ ወደ ኋላ ማውጣት ብዙ መፈታታት አይጠይቅም። የሚያጊ ባለሙያዎች ያደረጉት ይህንኑ ነበር። የተጋደመው ሞተር በኋላ ዘመን ለባለቤቶቹ ይዞት የመጣው ዕዳም ከዚሁ አቀማመጥ የሚመነጭ ነው።

ሱባሩ ወደ አሜሪካ የገባው በ1968 ማልኮም ብሪክሊንና ሃርቪ ላም ባቋቋሙት አስመጪ ኩባንያ በኩል ነው። መጀመሪያ ያመጡት ሱባሩ 360 የተባለ እጅግ ትንሽ መኪና ከሸማቾች መጽሔት ክፉ ፍርድ ገጥሞት ንግዱ ሊከስም ሲቃረብ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ የገባው ባለአራት ጎማ ነጂ ዋገን ግን ገዢውን ከከተማ ይልቅ በቨርሞንት፣ በሜይንና በኮሎራዶ ተራራማ ወረዳዎች አገኘ። የእነዚህ ቦታዎች ነዋሪ፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ የገጠር መምህሩ፣ ፖስታ አዳዩ፣ በክረምት መንገዱ ሳይጠረግ በማለዳ መውጣት የሚገባው ሰው ስለነበር፣ ከባድና ነዳጅ በል የሆነ የጭነት መኪና ሳይገዛ ይህን ማድረግ መቻሉ ትልቅ ነገር ሆኖለታል። ኩባንያውም በ1976 የአሜሪካ የበረዶ ሸርተቴ ብሔራዊ ቡድን ይፋዊ መኪና አቅራቢ ሆነ።

የቀድሞዎቹ ዋገኖች የኋላ ጎማቸውን የሚያስነሡት ሹፌሩ አንድ ዘንግ ሲስብ ብቻ ነበር፤ እዚህ ላይ የባለቤቶቹ የመጀመሪያ ትምህርት ይጀምራል። መኪና ሲታጠፍ አራቱ ጎማዎች እኩል መንገድ አይሄዱም፤ የፊቶቹ ከኋላዎቹ የሰፋ ክብ ይዞራሉ። ፊትና ኋላ በአንድ ዘንግ ተቆልፈው በደረቅ አስፋልት ላይ ከታጠፉ ትርፉ እርምጃ የሚወጣበት ስለሌለው ጎማው ይንቋቋል፣ መሪው ይከብዳል፣ ጥርሶቹም ይጨነቃሉ፤ በበረዶና በጭቃ ላይ ግን ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ራሱን ያስተነፍሳል። ፎር ዊሉን ከበረዶ ከወጡ በኋላ ማውለቅ የዘነጉ ሰዎች ለቀጣዩ ገዢ ያወረሱት የተጎዳ ካምቢዮ ነበር። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽና በ1989 በወጣው ሌጋሲ በተባለው ሞዴል ይህ ሸክም ከሹፌሩ ላይ ተነሥቶ፣ አራቱም ጎማዎች ሁልጊዜ የሚሠሩበት አሠራር መጣ፤ የእጅ ማርሽ ያላቸው በመካከል ዲፍሬንሻልና በወፍራም ፈሳሽ በሚሠራ ማያያዣ፣ አውቶማቲኮቹ ደግሞ በዘይት ግፊት በሚጨመቁ የፍሪሲዮን ሸክላዎች አማካይነት በፊትና በኋላ መካከል ያለውን ልዩነት ያስተካክላሉ።

ነገር ግን ሸክሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ወደ ጎማዎቹ ተዛወረ። አራቱ ጎማዎች ሁልጊዜ የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ ከሌሎቹ ያነሰ ዙሪያ ካለው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ያለማቋረጥ ፈጥኖ ይዞራል፣ መኪናው ዘወትር እየታጠፈ ያለ ያህል የመካከሉ ማያያዣ ሲታገል ይውላል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይጣበቃል። አምራቹ የሚፈቅደው ልዩነት በጎማው ዙሪያ ላይ ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ እንዳይበልጥ ነው። አንድ ጎማ በምስማር ተቀዶ የማይጠገን ሲሆን ባለቤቱ አንድ ብቻ ገዝቶ እንዳይገላገል የሚያደርገው ይህ ልክ ሲሆን፣ አራቱንም መቀየር አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው አዲሱን ጎማ በልዩ ማሽን ላጭተው ከአሮጌዎቹ ጋር እንዲያመሳስሉለት ይጠይቃል። በ1990ዎቹ አውቶማቲኮች ኮፈን ሥር ባዶ የፊውዝ ቀዳዳ አለ፤ ትንሽ ተጠባባቂ ጎማ የገጠመ ሰው ፊውዝ ሲሰካበት የኋላው ጉልበት ይቋረጥና ካምቢዮው ከጉዳት ይድናል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ልምድ ያለው ሰው የሚያደርገውም ፈተና ከዚሁ የመነጨ ነው፦ ሞተሩና ካምቢዮው ከሞቁ በኋላ በባዶ ሜዳ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ በዝግታ ይነዳል፤ መኪናው ፍሬን እንደተያዘ ሁሉ እየተንገጫገጨ የሚሄድ ከሆነ ማያያዣው ተጣብቋል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ሽያጩ ክፉኛ በማሽቆልቆሉ ኩባንያው ከትልልቆቹ ጋር በተራ መኪና መፎካከሩን ትቶ በፎር ዊል ላይ ብቻ ለማተኮር ወሰነ፤ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጠው ሱባሩ ሁሉ ፎር ዊል ሆነ፣ ከመሬት ከፍ ያለው አውትባክ የተባለው ዋገንም በአውስትራሊያዊው ተዋናይ ፖል ሆጋን ማስታወቂያ ታጅቦ ኩባንያውን ከውድቀት አወጣ። ሆኖም በዚሁ ዘመን የተገጠመው ባለ 2.5 ሊትር ሞተር የባለቤቶቹ ትልቁ ፈተና ሆነ። ችግሩ ያለው በሞተሩ ብሎክና በላዩ በሚከደነው ቴስታታ መካከል በሚገባው ስስ ማሸጊያ፣ በጋራዥ ቋንቋ ጓርኒሲዮን በሚባለው ላይ ነው። እስከ 1999 በቆዩት ሞተሮች ጓርኒሲዮኑ ወደ ውስጥ ሲያፈስ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ ይገባል፤ ይህም በራዲያተሩ ተጠባባቂ ጠርሙስ ውስጥ በሚፈላ በሚመስል አረፋና ከረዥም ዳገት በኋላ በድንገት በሚወጣ ሙቀት ይታወቃል። ከዚያ በኋላ በመጡት ደግሞ ፍሳሹ ወደ ውጭ ነው፤ ሞተሩ የተጋደመ በመሆኑ ዘይትና ውኃ ሁልጊዜ በመጋጠሚያው የታችኛ ጠርዝ ላይ ይጠራቀማሉ፣ ቀስ እያሉም በማርሚታው ቧንቧ ላይ እየተንጠባጠቡ የቃጠሎ ሽታ ይፈጥራሉ። ኩባንያው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ለተወሰኑ ሞዴሎች ልዩ የማቀዝቀዣ ተጨማሪ ፈሳሽ እንዲገባ አድርጓል።

ባለቤቶቹና ልዩ ሙያ ያላቸው ትንንሽ ጋራዦች ያገኙት መፍትሔ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስመሰግን ነው። ሞተሩን ከመኪናው አውጥተው፣ ቴስታታውን አስተካክለው አስላጭተው፣ በቀድሞው ፈንታ ከበርካታ የብረት ንብርብሮች የተሠራ ጓርኒሲዮን ይገጥማሉ፤ በዚያው አጋጣሚ የታይሚንግ ቺንጋውን፣ ማለትም ፒስተንና ቫልቭን የሚያስማማውን ጥርሳም ጎማ ቀበቶ፣ ከውኃ ፓምፑ ጋር ይቀይራሉ። ቺንጋው በ105,000 ማይል፣ ወይም በ169,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መቀየር ያለበት ሲሆን ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተጋጭተው ይታጠፋሉ። በዚህ መንገድ የታደሰ ሞተር ለብዙ ዓመት ስለሚያገለግል፣ በአሜሪካ ያገለገለ ዋገን ዋጋ በሄደበት ማይል ብቻ ሳይሆን ይህ ሥራ መቼና በማን እንደተሠራ በሚያሳይ ደረሰኝም ይወሰናል፤ ይህም ትክክለኛ መለኪያ ነው። ለመኪናው ዝናን ባተረፈችለት በቨርሞንት የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሳይሆን በክረምት መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ነው፤ የኋላ ጎማ ቅስቱና የፍሬን ቧንቧዎቹ ከሥር ዝገው ያልቃሉ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ዴንቨርና ሲያትል ይህ ዋገን በየመንገዱ ከሚታይባቸው ከተሞች መካከል ናቸው። በአገር ቤት ግን ያገለገለ ሱባሩ ብዙም አይታይም፤ ከጃፓን የሚወጣው መኪና መሪው በቀኝ ስለሆነ በግራ መስመር ወደሚነዳባት ወደ ኬንያ በገፍ ሲገባ፣ በቀኝ መስመር ለሚነዳባት ኢትዮጵያ አይመችም።

የሌጋሲ ምርት በ2025 የቆመ ሲሆን፣ ለ2026 የቀረበው አውትባክም ከዋገንነት ወጥቶ ቀጥ ያለ ቁመና ያለው ከፍ ያለ መኪና ሆኗል። ስለዚህ በአሜሪካ የቀድሞውን ዝቅ ያለ ዋገን የሚፈልግ ገዢ ከእንግዲህ የሚያገኘው ያገለገለውን ብቻ ነው፤ በዚህም የተነሣ የጎማ ዙሪያ የሚለኩትና ጓርኒሲዮን የሚቀይሩት ጋራዦች ሥራ ገና ለብዙ ዓመታት የሚፈለግ ነው።